ዙሪ ሲለኝ ያልዞርኩ ለት

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰበታ ገብቶ ነበር። እኔ ገና ሆስፒታል ውስጥ እጄን በጀሶ እያስጠቀለልኩ ሳለሁ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት «አውሮፕላኗን የጣለችው ስልክ እያወራች ነው» ተብሎ ተበይኗል። ሌላው «ሴልፊ ስታነሳ ነው» አለ። የገበያ ሴቶች ደግሞ «አባቷን አስደንቃለሁ ብላ ስትገለባበጥ ነው» ብለዋል አሉ። አንዱማ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እጄ በጀሶ ተንጠልጥሎ እያየ፣ የእኔኑ ታሪክ ለእኔው አወራልኝ። «ምስኪን፣ ሞታለች አሉ፤ ነፍስ ይማር» አለኝ። «አሜን» ብዬው ወረድኩ።

እንግዲህ እናንተ ከባለቤቷ ስሙት። አልሞትኩም፣ ስልክ አላወራሁም፣ አልተገለባበጥኩም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ አባቴ «ዙሪ» ሲለኝ አልዞርኩም። ዛሬም ቢለኝ አልዞርም።

ስሜ ቢፍቱ ነው። እትብቴ የተቀበረው ሰበታ ነው። አባቴ ደገፋ ዕድሜውን በጅማ መንገድ ላይ የጨረሰ የአይሱዙ ሹፌር ነው። እናቴ አስካለ ደግሞ በልጅነቷ ከጎጃም መጥታ፣ አባቴን አግብታ፣ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ከፍታ የኖረች ሴት ናት። ቤታችን ውስጥ አባቴ ሲቆጣ በኦሮምኛ፣ እናቴ ስትቆጣ በአማርኛ ነው። እኔ ስቆጣ ሁለቱም አይበቃኝም።

አባቴ ጋቢናው ውስጥ አንድ ሕግ ነበረው፦ «መሪ አንድ፣ ሹፌር አንድ።» የጭነቱ ባለቤት ይሁን ረዳቱ፣ አጠገቡ ተቀምጦ «በዚህ እለፍ፣ እዚያ ጋ ያዝ» ካለው መኪናውን ዳር ያስይዝና ቁልፉን ነቅሎ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል። «በል ንዳ!» ይለዋል። ሰውየው ይለምነዋል፣ ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጅማ ትንፍሽ አይልም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬው እየሄድኩ ይህን ስንቴ እንዳየሁ! ሕጉን የተማርኩት ከእሱ ነው፤ በኋላ ራሱ ላይ እንደማውለው ግን አላሰብኩም ነበር።

መብረር የጀመርኩት አበባ እርሻ ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። ከተፍኪ ወጣ ብሎ፣ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ፣ አሮጌ አውሮፕላኖች ያሏት አንዲት ትንሽ የበረራ ማሠልጠኛ አለች። እዚያ መመላለስ ስጀምር ዘመድ በሙሉ ተነሳብኝ። የቡራዩዋ አክስቴ «ባንክ ግቢ» አለችኝ፤ የሱሉልታው አጎቴ «ባል አግቢ» አለኝ። እናቴ «ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ሰማይ ትወጣለች?» እያለች ታለቅሳለች። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ፈቃዴን ያዝኩ። ግትር ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው።

መምህሬ ሻለቃ መኩሪያ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የጦር አውሮፕላን አብራሪ። በየማለዳው ከቡራዩ በአሮጌ ቮልስ እየተንገጫገጩ ይመጣሉ። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያስደግሙን ነገር ስለነበር እኛ ተማሪዎች «የሻለቃ ዳዊት» እንለው ነበር።

«ከመሬት ስትለቂ ሞተሩ ቢሞት?» ይላሉ።

«ፊት ለፊት አርፋለሁ!»

«ሜዳው ከኋላሽ አለ እኮ። ለምን አትዞሪም?»

«ዝቅ ብዬ ከዞርኩ እሞታለሁ!»

«ጮክ በይ!»

«ዝቅ ብዬ ከዞርኩ እሞታለሁ!»

ነገሩ ቀላል ነው። አውሮፕላን ያለ ሞተርም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ ትንሳፈፋለች። ግን ዘንበል ብላ ስትዞር ከፍታዋንም ፍጥነቷንም ትበላለች። ከፍታ ካለ ግድ የለም። ከሌለ ግን ገና በግማሽ ሳትዞር ክንፏ ይከዳትና በአፍንጫዋ ትተከላለች። ክፋቱ ደግሞ፣ በዚያች ሰዓት የሰው ልብ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተመለስ» ነው የሚለው። ሻለቃ በየቀኑ የሚያስጮሁን ያንን ልብ ለማደንቆር ነበር።

ከማኮብኮቢያው ጫፍ ፊት ለፊት የኦቦ ቱሉ ማሳ አለ። ኦቦ ቱሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። በተነሳሁ ቁጥር ክንፌን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጌ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ቤተሰባቸውም ሥራቸውን ትተው ቀና ይሉና እጃቸውን ያውለበልባሉ። ልማድ ሆኖብን ነበር። ያ ልማድ ጉድ ሊሠራን ነው።

ፈቃዴን ያገኘሁ ሰሞን አባቴ ወደ ሱቁ ጓዳ ጠራኝና በሹክሹክታ «ሰው መጫን ትችያለሽ አሉ?» አለኝ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የምትጭኚው እኔን ነው። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

ቅዳሜ ጠዋት የክት ኮቱን ለብሶ ብቅ አለ። እናቴን «ተጂ ከተማ ለቅሶ አለብኝ» ብሏት ነው የወጣው። «ማን ሞቶ?» ስትለው «አንቺ አታውቂውም» አላት። መንገድ ላይ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ ለቅሶ ብሎ መዋሸት ጥሩ እንዳልሆነ የገባን በኋላ ነው።

ሜዳው ስንደርስ አውሮፕላኗን ሊገዛት እንደመጣ ሰው ዞሮ ዞሮ አያት። ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ።

«ዘይት?»

«አይቻለሁ።»

«ነዳጅ?»

«ቀድቼ አይቻለሁ፤ ውሃ የለውም።»

«ፍሬን?»

«አባዬ፣ ሰማይ ላይ ፍሬን ምን ያደርጋል?»

«ለመውረዱ ነዋ!» አለኝ ተቆጥቶ።

ሻለቃ ቀበቶውን እያሰሩለት «ኦቦ ደገፋ፣ እንግዲህ ዛሬ ረዳት ነዎት» አሉት።

«ረዳት ሆኜ አላውቅም» አለ አባቴ ኮቱን እያስተካከለ።

ከዚያ ዳዊቴን ደገምኩ። «ዝቅ ብዬ ከዞርኩ እሞታለሁ!» ብዬ ስጮህ አባቴ ክው አለ። «ምን ዓይነት ሟርት ነው? በስመ አብ ይባላል እንጂ በማለዳ እሞታለሁ ይባላል?» አለና እሱ በበኩሉ አማተበ። ሁለታችንም እንደየልማዳችን ጸልየን ተነሳን ማለት ነው።

ሞተሩን ሞከርኩት፤ ደህና ነበር። ይህን የምላችሁ በኋላ «ሳታየው ነው የተነሳችው» ያሉ ስላሉ ነው። ነዳጁን ሙሉ ሰጥቼ ሣሩ ላይ ለቀቅኳት፤ ተንደረደረች፣ ቀለለች፣ ተነሳች። መሬት ከሥራችን ሲሸሽ አባቴ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ይላል ጉልበቱን እየመታ። «አስካለ ብታይ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽ ብታይ!» ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር። ልቤ በኩራት ሞላ። ያን ሁሉ ዘመድ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሞተሩ አንድ ጊዜ ደንገጥ አለ።

አባቴ ሳቁን ዋጠ። «ሞተሯ ይስታል» አለ። እኔም በመቀመጫዬ ተሰምቶኛል። ወዲያው ብረት ብረትን ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ከፊታችን መጣ፤ አውሮፕላኗ ከአፍንጫ እስከ ጭራዋ ተንቀጠቀጠች፣ ኃይሏ ሟሸሸ። ፕሮፔለሩ ይዞራል፤ የሚስበው ነገር ግን የለም። ከፍታችን የትልቅ ባሕር ዛፍ ሦስት አራት እጥፍ ቢሆን ነው።

እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። መሪውን ወደ ፊት ገፋሁት፤ አፍንጫዋ ወደ መሬት አዘቀዘቀ። ፍጥነት እንዳይሞትብኝ ነው። አባቴን ያሳበደው ግን ይህ ነው።

«ምን ማድረግሽ ነው? ሽቅብ! ሽቅብ በያት እንጂ!»

«ሽቅብ ካልኳት ትወድቃለች!»

የነዳጅ ጋኑን ቀየርኩ፣ ፓምፑን ከፈትኩ፣ ነዳጅ ሰጠኋት፣ ነሳኋት፤ ወይ ፍንክች። መንቀጥቀጡ ባሰ።

«ዙሪ!» አለ አባቴ ወደ ኋላ ተጠማዝዞ። «ሜዳው እኮ እዚያ ነው! ይታየኛል! ዙሪ!»

ዘወር ብዬ አላየሁም። ማየትም አላስፈለገኝም፤ ያ ሜዳ ከኋላዬ እንዳለ ጀርባዬ ያውቀዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መዞር ፈልጌያለሁ። ስንት ጊዜ ያረፍኩበት ሜዳ ነው። ሻለቃ ቆመውበታል። ልቤ ተመለሽ፣ ተመለሽ ይለኛል። እጄ ወደ ግራ ሊያዘነብል ሲል ያ በየማለዳው የሚያስጮሁኝ ቃል አፌ ላይ መጣ፣ እጄንም ቀጥ አደረግኩት።

«ቢፍቱ! አባትሽ ነኝ! ዙሪ ነው ያልኩሽ!»

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ በዚህ ድምፅ ሲጠራኝ ወንዝ ዳር ብሆን እንኳ ሮጬ እመጣ ነበር። አሁን ግን ከድምፁ ጋር እጁም መጣ። ይህቺ አውሮፕላን ማሠልጠኛ ስለሆነች በእሱም ፊት መሪ አለ። ያንን መሪ ቢስብ ወይ ቢያዞር ሁለታችንም አለቀልን።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ የጮህኩት ያኔ ነው።

«አባዬ! መሪ አንድ! ሹፌር አንድ!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ፊቴን አየው፤ እኔ ግን ላየው አልቻልኩም፣ ዓይኔ ከፊት ነው። ከዚያ ሁለት እጁን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ ሲያስቀምጥ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ።

«እሺ» አለ። «እሺ። ንጂ።»

እስከ ዛሬ ስንት ሰው ምን ምን ብሎኛል፤ እንደዚያ «እሺ» ያለ ከባድ ቃል አልሰማሁም። አባቴ ሊሞት እንደሚችል እያወቀ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ ማለት ነው።

በስተግራ ከፍተኛ የመብራት መስመር አለ። በስተቀኝ የጅማ መንገድ፤ ሲኖትራክ በሲኖትራክ ላይ ተደርድሯል። የቀረኝ የኦቦ ቱሉ ማሳ ነው። ወደዚያ ባይ ደግሞ ደቦ ወጥተዋል፤ ጤፍ ሊያጭዱ ጎረቤት ተጠራርቶ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፏል። እኔን ሲያዩ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሁሉም ቀና ብለው እጃቸውን አውለበለቡልኝ! ወንዱ ባርኔጣውን፣ ሴቷ ነጠላዋን። እንደ ልማዳችን ሰላም ልላቸው የመጣሁ መስሏቸዋል።

«ሽሹ!» ብዬ ጮህኩ። መስታወት ዝግ ነው፤ ማን ይሰማኛል?

«ክላክስ የላትም እንዴ?» አለ አባቴ።

«የላትም! በሩን ክፈተው! ስናርፍ እንዳይቆለፍብን ክፈተው!»

በሩን ገፍቶ ከፈተው። ነፋሱ ገባ። ከዚያ ያ ረዳት ሆኜ አላውቅም ያለ ሰው፣ ቀበቶው እስከፈቀደለት ድረስ በበሩ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ፤ ልክ የአይሱዙ ረዳት «ቦታ ልቀቁ» እንደሚለው። ድምፁ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ከዚህ ማዶ ጠርቶ ከዚያ ማዶ የሚያስቆም። «በቀዻ! በቀዻ!» አለ፤ ሽሹ ማለት ነው። ሞተራችን ድምፁ ስለከዳው የአባቴ ድምፅ መሬት ደረሰ። መጀመሪያ ኦቦ ቱሉ ለሰው ምልክት እየሰጡ ክንዳቸውን ወረወሩ፤ ከዚያ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ማጭዱን እየጣለ ለሁለት ተከፈለ።

በመካከላቸው አለፍኩ። ከጤፉ ማዶ ያለውን የሽምብራ ማሳ መረጥኩ፤ ሽምብራ ቁመቱ አጭር ነው፣ ሰውም የለበትም። የነዳጁን መዝጊያ ዘጋሁ፣ ማብሪያውን አጠፋሁ። ፍጥነቷ ሊያልቅ ሲል የምታሰማው ማስጠንቀቂያ መጮህ ጀመረ። «ራስህን ደፋ አድርግ!» አልኩት። ጎማው ነካ፣ ነጠረ፣ እንደገና ነካ። ጥቁሩ አፈር ውስጡ ገና እርጥብ ነበርና የፊት ጎማችንን ያዘው። አፍንጫዋ ተተከለ፣ ጭራዋ ወደ ሰማይ ተነሳ፤ ከዚያ ተመልሳ በጎኗ ዘጭ አለች።

የነዳጅ ሽታ ሸተተኝ። ግራ እጄ ከአንጓው ላይ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። አባቴ ግንባሩ ደምቷል፤ ቀበቶውን ይታገላል። በመኪናው አስሮ የማያውቀውን ቀበቶ አሁን መፍታት አቃተው። በደህናው እጄ ፈታሁለት። በዚያው እሱ በከፈተው በር እየተሳብን ወጣን።

ሕዝቡ እየሮጠ መጣ። ከፊት ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ ማጭዳቸው እጃቸው ላይ ነው። «ጂርቱ? ጂርቱ?» ይላሉ እያለከለኩ፤ አላችሁ ወይ?

«ጂራ!» አለ አባቴ፤ አለን። ደሙን በክት ኮቱ እጅጌ እየጠረገ ደገመው። «ጂራ!»

ኦቦ ቱሉ በጭቃ የተለወሰችውን አውሮፕላን አዩ፣ እኔን አዩ። «ኢንተላ ኮ» አሉ፣ «ሰላምታሽ ዛሬስ በዛ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቄ ወደ ለቅሶ ተቀየረብኝ። አንዲት አሮጊት አጠገቤ ቁጭ አሉና አውሮፕላኗ ከነቀለችው እሸት ሽምብራ እየፈለቀቁ በደህናው እጄ ላይ አኖሩልኝ። «የነቀልሽው አይባክን፣ ብዪ» አሉኝ። አላመጥኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንዲህ የጣፈጠ ነገር አልበላሁም።

ሻለቃ ያን ሁሉ ማሳ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ደረሱ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው እያየ ነው የወረድነው፤ ቢሆንም ጠየቁኝ።

«ዞርሽ?»

«አልዞርኩም።»

«ጎበዝ» አሉና እንባቸውን እንዳላይ ፊታቸውን አዞሩ። አውሮፕላኗን ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

አሁን ወደ እናቴ እንምጣ። አንዱ ቸኩሎ ሱቋ ደወለላትና «ባልሽና ልጅሽ ከሰማይ ወደቁ» አላት። «ባሌ ተጂ ለቅሶ ላይ ነው» አለች። ሁለተኛው ሲደውል ግን ሱቁን ክፍቱን ትታ፣ ነጠላዋን እየጎተተች ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተደፋች። ምን እንዳለች በኋላ ሰማን። ሆስፒታል ስትደርስ እኔን ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ዳሰሰችኝ፣ ሳመችኝ፣ ከዚያ ግንባሩ በፋሻ ወደታሰረው አባቴ ዞረች።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?» አለችው።

ቤታችን ለእንኳን አተረፋችሁ በሚመጣ ሰው ተጨናነቀ። ስኳሩን የያዘ፣ ምክሩን የያዘ፣ ይገባል። ሰላምታው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ፤ በቃ እንግዲህ አሁን ተዪው።» የመጀመሪያውን አሜን እላለሁ፤ ሁለተኛውን እንዳልሰማ እሆናለሁ። የቡራዩዋ አክስቴ ባንኩን፣ የሱሉልታው አጎቴ ባሉን እንደገና አነሱ። አባቴ ግንባሩ በፋሻ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙም አይናገርም ነበር።

በአንዱ እሑድ የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ መጡ። እናቴ ናት ያስጠራቻቸው። ቤት ሙሉ ሰው ባለበት ተነስታ ቆመች።

«መምሬ፣ ተስያለሁ» አለች። «የዚያን ለት ገብርኤል ሆይ፣ ሁለቱን ካተረፍክልኝ ልጄ ዳግመኛ እግሯን ከመሬት አታነሳም ብያለሁ። ይኸው አተረፈልኝ። ስለቴን ማግባት አለብኝ። ይንገሯት።»

ደሜ ሲፈላ ተሰማኝ። ዘመድን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይቻላል። የገብርኤልን ስለት ግን ምን ይሉታል?

«እማዬ» አልኳት፣ «የራስሽን ሱቅ ለምን አልተሳልሽም? የተሳልሽው የእኔን ክንፍ ነው!»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ሰው።

«ከሞት ተርፋ እንኳ ምላሷ አልደነገጠም» አለች አክስቴ።

መምሬ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየሩ። «አስካለ፣ በሰው በሬ ስለት ይገባል እንዴ?» አሏት።

«ልጄ ናት መምሬ! ልጄ ደግሞ መቼ የሰው ሆነች?»

መምሬ ተቸገሩ። ጢማቸውን ዳበሱ። «ነገሩ ከባድ ነው» አሉ። «ስለት ስለት ነው። አባትና እናትን መስማትም ትእዛዝ ነው። ልጄ ቢፍቱ፣ እናትሽን ብትሰሚ ምናለ? ስሚ እስቲ።»

ሰው ሁሉ «ስሚ፣ ስሚ» አለ። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ጉሮሮዬ ላይ የመጣውን ብናገር ኖሮ ከመምሬም እጣላ ነበር። ይኸኔ ከጥጉ አባቴ ተነሳ።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ልበል» አለ።

«በል ደገፋ።»

«የዚያን ለት አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላችሁ አልነበራችሁም። ዙሪ አልኳት። እንደ አባት ነው ያዘዝኳት። አልሰማችኝም። እጄን ልሰድ ስል ጮኸችብኝ፤ በአባቷ ላይ!» ድምፁ ተሰበረ፤ ጠረገውና ቀጠለ። «በኋላ ሻለቃውን ለብቻው ይዤ ጠየቅኩት። ዞራ ቢሆንስ አልኩት። መልሱን ልንገራችሁ? ዞራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ የተሰበሰባችሁት ለለቅሷችን ነበር። መምሬ፣ እኔን ያተረፈኝ ልጄ አልሰማም ማለቷ ነው። አሁን እኔው አፌን ሞልቼ ሰው ስሚ ልበላት?»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ።

«ሹፌር አንድ ነው» አለ አባቴና ተመልሶ ተቀመጠ።

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ የሆነው ኩርፊያ ነው፤ የእናቴ ኩርፊያ ደግሞ ሌላ ነው። ምግቡን ታቀርባለች፣ ጀሶዬን እንዳይረጥብ ትሸፍንልኛለች፣ ቃል ግን የለም። እኔም አልተለማመጥኳትም። ከማን ግትርነቱን የወረስኩ ይመስላችኋል?

መርማሪዎቹ ሞተሩን ፈትተው አንድ ቫልቭ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሰባበረው ተናገሩ። ከውጭ ሊታይ የሚችል ነገር አልነበረም። ወሬኛው ግን ይህን ሲሰማ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ወደ ሌላ ሰው ወሬ ተሻገረ እንጂ።

አንባቢዎቼ፣ አሁን የምነግራችሁ ምክር አይደለም፤ ምክር ራሴም አልወድም። የአባቴ «ዙሪ» ከፍቅር የመጣ ነበር። የእናቴም ስለት ከፍቅር ነው። የአክስቴ ባንክ፣ የአጎቴ ባል፣ ሁሉም ከፍቅር ነው። ከጠላት ቢመጣማ ምን ቸገረኝ! የሚከብደው የሚወዱሽ ሰዎች እያለቀሱ ወደ ኋላ ሲጠሩሽ ነው። እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚወደኝም ሰው ሊሳሳት ይችላል። ሲሳሳትም እየወደድኩት እምቢ እለዋለሁ። ከዚያ በፊት እምቢ ስል ጥፋተኝነት ይሰማኝ ነበር፤ አሁን አይሰማኝም። ፍርሃት ጠፋልሽ ወይ ካላችሁኝ አልጠፋም። አብሮኝ ይሳፈራል፤ መሪ ግን አላስነካውም።

ጀሶው ተፈታ፤ እጄ ዳነ። እንደገና የምነሳበት ቀን ሲደርስ ታኅሣሥ ገብርኤል ሆነ፤ እኔ መርጬው አይደለም፣ ሻለቃ ሌላኛዋ አውሮፕላን ነፃ የምትሆነው ያን ቀን ነው አሉኝ። ለእናቴ ማታውኑ ፊት ለፊት ነገርኳት። ከእንግዲህ የተጂ ለቅሶ የለም አልኩ።

ጠዋት አውሮፕላኗን ፈትሼ ልገባ ስል የአባቴ አይሱዙ ሜዳው ዳር ቆመ። አባቴ ወረደ። ከዚያ በጋቢናው በሌላኛው በር እናቴ ወረደች፤ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ትልቅ ቀይ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ታቅፋለች። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። የተሰበረውን እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው።

«ወደ ገብርኤል እየሄድኩ ነው» አለችኝ። «በስለቴ ፋንታ ጥላ ይዤለታለሁ። ካልበቃው ከእኔ ጋር እንነጋገራለን፤ የተሳልኩት እኔ ነኝ። ከአንቺ ጋር ጉዳይ የለውም።»

አቀፍኳት። ጥላው በመካከላችን ተጣመመ። «ይሄን ታጎብጪዋለሽ፣ ልቀቂኝ» አለች፤ እሷ ግን አልለቀቀችኝም።

ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ። ሻለቃ በመስኮቱ በኩል ቆሙ። «ከመሬት ስትለቂ ሞተሩ ቢሞት?»

«ፊት ለፊት አርፋለሁ!»

«ለምን አትዞሪም?»

እናቴ እዚያው ቆማ ትሰማለች። «እሞታለሁ» የሚለውን ቃል በእሷ ፊት ማለት ከበደኝ። «ዝቅ ብዬ ከዞርኩ እሞታለሁ» አልኩ ለስለስ አድርጌ። እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። ምን እንደሆነ በጆሮዋ ነገራት። ጥቂት አሰበችበት፤ ከዚያ ጥላዋን እንደ በትር መሬት ላይ ተክላ ወደ እኔ አየች።

«ጮክ በይ!» አለችኝ። «አልተሰማኝም!»

ሜዳው እስኪያስተጋባ ጮህኩላት። ከዚያ ተነሳሁ። ሞተሩ አንድም ጊዜ ሳይስት ከማኮብኮቢያው ጫፍ አለፍኩ። ከታች ኦቦ ቱሉና ቤተሰባቸው እኔን ሲያዩ መንሻቸውን እየጣሉ ከአውድማው ግራና ቀኝ ፈረጠጡ። ክንፌን ነቅነቅ አድርጌ ሰላም አልኳቸውና ወደ ላይ ቀጠልኩ።